ፍሪጁን አትክፈቱት፦ ከካትሪና በኋላ የሰው ቤት መግባትና መታመን

ጎርፍ ገብቶበት ሳምንታት ተዘግቶ በቆየ ቤት ለበጎ ፈቃደኛ የሚነገረው የመጀመሪያ ትእዛዝ «ፍሪጁን አትክፈቱት» የሚል ነው። በሩ በሰፊ ፕላስተር ሦስት አራት ዙር ይጠመጠማል፤ ሁለት ሰው በእጅ ጋሪ አቁሞ ያወጣዋል፤ እንደታሸገ መንገድ ዳር ይቀመጣል። መብራት ከጠፋ ጀምሮ ውስጡ የከረመው ሥጋና ዓሣ አንዴ ከተከፈተ ያን ቀን እዚያ ቤት ሥራ የለም። ይህን ሁሉም በመጀመሪያው ጠዋት ይማረዋል። «ባለቤቱ ሳያይ ምንም አትጣሉ» የሚለውን ሁለተኛውን ትእዛዝ ግን ብዙዎች የተማሩት ሰው ካስቀየሙ በኋላ ነው።

ነገሩ የኒው ኦርሊንስ ነው (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ኦገስት 29 ቀን 2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ሉዊዚያናን መታ። የጎርፍ መከላከያ ግንቦቹ ተደረመሱና ከከተማዋ 80 በመቶ ያህሉ በውኃ ተዋጠ። ከነዋሪው ሁለት ሦስተኛው ጥቁር ነበር። የታችኛው ናይንዝ ዋርድ በሚባለው ሰፈር ደግሞ ነዋሪው ከሞላ ጎደል ሁሉም ጥቁር ነበር፤ ከግማሽ በላዩም የገዛ ቤቱ ውስጥ ይኖር ነበር። ሊረዱ የመጡት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች ግን ባብዛኛው ከሌላ ክፍለ ግዛት የመጡ ነጭ ወጣቶችና የኮሌጅ ተማሪዎች ነበሩ። በነዚያ ሰፈሮች አመኔታ የተገኘውም የጠፋውም በቁልፍ፣ በአንድ ገጽ ወረቀትና በመንገድ ዳር ክምር ላይ ነው። የምጽፈውም ስለነሱ ነው።

ክሊፕቦርድ የያዘ ነጭ ሲመጣ

በ1927 የሚሲሲፒ ወንዝ ሲሞላ የከተማዋ ባለሀብቶች ኒው ኦርሊንስን ለማዳን ሲሉ ከከተማዋ በታች ካርናርቮን ላይ ያለውን ግድብ በዲናሚት አስፈረሱ፤ ውኃው የሴንት በርናርድና የፕላክሚንስ ድሆችን ቤትና ንብረት ጠራርጎ ወሰደ። ቃል የተገባላቸው ካሳ ለአብዛኞቹ አልደረሰም። በ1965 ቤትሲ የተባለው አውሎ ነፋስ የታችኛውን ናይንዝ ዋርድ ሲያጥለቀልቅ ብዙ ነዋሪ «ዘንድሮም አፈነዱት» አለ። ለዚያኛው ማስረጃ አልተገኘም፤ የ1927ቱን ግን ማንም አይክድም። በ2005 ሰፈሩን የሚያዋስነው የኢንዱስትሪያል ካናል (የመርከብ ቦይ) ግንብ ሲደረመስ ያው ወሬ በማግስቱ ተመለሰ። እንዲህ ያለውን ወሬ የሰማ ወጣት በጎ ፈቃደኛ «ይህማ ሴራ ነው» ብሎ ለማረም ይቸኩላል። አታርሙ። የ78 ዓመት ሴት ቤቷ ሁለት ጊዜ ሰጥሞባታል፤ ከመጀመሪያው በፊት የሆነውን ደግሞ ከእናቷ ሰምታለች።

ከዚያ የ2005ቱ ሳምንት አለ። ሴፕቴምበር 1 አካባቢ ከተማዋን በእግር ለቀው በወንዙ ድልድይ ለመሻገር የሞከሩ ሰዎችን ማዶ ያለችው የግሬትና ከተማ ፖሊሶች መሣሪያ ይዘው መለሷቸው። ሴፕቴምበር 4 ዳንዚገር ድልድይ ላይ ፖሊሶች መሣሪያ ባልያዙ ጥቁሮች ላይ ተኩሰው ሁለት ገደሉ፣ አራት አቆሰሉ። ከወንዙ ማዶ ያልተጥለቀለቀው አልጂየርስ ፖይንት ውስጥ የታጠቁ ነጭ ነዋሪዎች መንገድ ዘግተው በጥቁር አላፊ አግዳሚ ላይ ተኮሱ፤ ከተኳሾቹ አንዱ 10 ዓመት የተፈረደበት በ2019 ነው፣ ከ13 ዓመት በላይ ቆይቶ።

ጃንዋሪ 2006 ላይ ደግሞ የከተማዋ የመልሶ ግንባታ ኮሚሽን ያወጣው ካርታ በጋዜጣ ታተመ። ሰዎች ይኖሩባቸው የነበሩ ሰፈሮች ላይ አረንጓዴ ክቦች ተቀምጠዋል፤ ወደፊት መናፈሻ ሊሆኑ ይችላሉ የተባሉ ቦታዎች ናቸው። በዚያው ዓመት የከተማው ምክር ቤት እስከ ኦገስት 29 ያልጸዳና ያልታሸገ ቤት እርምጃ ሊወሰድበት እንደሚችል ደነገገ። ሂዩስተን ወይም አትላንታ ተሰዶ ያለ ሰው ቤቱን ማጽዳት የሚችለው በማን ጉልበት ነው? ቤቱን ከመፍረስ የሚያድነው ሰውና ቤቱን ሊያፈርስ የመጣው ሰው ከሩቅ አንድ ዓይነት ናቸው፦ ቱታ የለበሰ፣ ሚስማር መንቀያ የያዘ፣ ክሊፕቦርድ ላይ የሚጽፍ እንግዳ። የቀረው ሁሉ ይህን ልዩነት ለማሳየት የሚደረግ ሥራ ነው።

የደም ግፊት መለኪያ

ጥሩ ተደርጎ የተጀመረው አልጂየርስ ላይ ይመስለኛል። የቀድሞው የብላክ ፓንተር (የጥቁሮች መብት ታጋይ ድርጅት) አባል ማሊክ ራሂም ከጥቂት ሰዎች ጋር፣ ከቴክሳስ የመጡ ነጮችም ነበሩባቸው፣ ሴፕቴምበር 5 ቀን 2005 ኮመን ግራውንድ የተባለውን ቡድን በራሱ ቤት መሠረተ። መፈክራቸው «ምጽዋት ሳይሆን አጋርነት» ነበር። ከአራት ቀን በኋላ ቢላል መስጊድ ውስጥ ነጻ ክሊኒክ ተከፈተ። የበጎ ፈቃድ የሕክምና ሠራተኞቹ ታማሚ እስኪመጣ አልጠበቁም፤ በብስክሌት ሰፈሩን እየዞሩ ቤት ለቤት ይጠይቁ ነበር።

የደም ግፊት መለኪያ ለምን በር እንደሚከፍት ማሰብ ደግ ነው። ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። ሰውየው በገዛ በረንዳው፣ በገዛ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። እንግዳው መጀመሪያ ይሰጣል፣ ከዚያ ይጠይቃል። ሥራውም እውነተኛ ነው፤ ፋርማሲዎቹ ተዘግተው የግፊትና የስኳር መድኃኒት ያለቀበት ሰው ብዙ ነበር። አለካኩ ግን በወጉ ይሁን፦ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ ካረፈ በኋላ፣ እግር ሳይጣመር፣ ክንድ በልብ ከፍታ ተደግፎ፣ በባዶ ክንድ ላይ። ቁጥሩ በካርድ ተጽፎ ለሰውየው ይሰጣል። ከ180/120 በላይ ሆኖ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የመናገር ችግር ካለ ቀጠሮ ሳይሆን አምቡላንስ ነው የሚያስፈልገው።

የሚበላሸው መዝገቡ ላይ ነው። በጎ ፈቃደኛው ስም፣ አድራሻና የጤና ሁኔታ ደብተር ላይ መጻፍ ሲጀምር የሰውየው ፊት ይለወጣል። በአላባማ ቱስኪጊ ቂጥኝ የያዛቸው ጥቁር ወንዶች ከ1932 እስከ 1972 ሕክምና ተነፍጓቸው ሲጠኑ እንደኖሩ ደቡብ ውስጥ ያልሰማ የለም። ስለዚህ ደንቡ ቀላል ነው፦ ካርዱ የታማሚው ነው፣ ቅጂ የሚያዘው ተጠይቆ ነው፣ ለምን እንደሚያዝም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል። መታወቂያም ኢንሹራንስም አይጠየቅም።

አጠራር

ቤት ለቤት የሚሄዱት ሁለት ሁለት ሆነው ነው፤ ከሁለቱ አንዱ የሰፈሩ ሰው ይሁን። የሰፈር ሰው ካልተገኘ ከቤተ ክርስቲያኑ ወይም ከማኅበሩ የተላከ ይሁን። ኒው ኦርሊንስ «ሶሻል ኤይድ ኤንድ ፕሌዠር ክለብ» የሚባሉ የጥቁር ነዋሪዎች ማኅበራት አሏት። መነሻቸው አባል ሲታመም የሚያሳክሙ፣ ሲሞት የሚቀብሩ መረዳጃዎች ናቸው። እድር ለሚያውቅ አንባቢ ማብራራት አያስፈልግም፤ ልዩነቱ እነሱ በዓመት አንድ እሑድ የናስ ባንድ አስከትለው እየጨፈሩ ሰፈሩን መዞራቸው ነው። የክለቡ አለቃ «እነዚህን አውቃቸዋለሁ» ካለ ሥራው ግማሽ ተሠርቷል።

አንኳኩቶ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ መመለስ፣ ከደረጃው በታች ሆኖ መጠበቅ፣ የጸሐይ መነጽርና ማስክ ማውለቅ። ስም መናገር፣ ማን እንደላከ መናገር፣ ከዚያ ዝም ማለት።

ትልቁ ስሕተት አጠራር ላይ ነው። የ22 ዓመት ነጭ ወጣት የ70 ዓመት ጥቁር ሴትን በስሟ ብቻ ሲጠራ ለሱ ወዳጅነት ነው፤ እሱ ባደገበት ሁሉም በስሙ ይጠራል። ለሷ ግን የዘር መለያየት ሕግ በነበረበት ዘመን ነጭ ልጅ ሳይቀር እናቷንና አባቷን በባዶ ስም፣ አባወራውን «ቦይ» (አንተ ልጅ) እያለ የሚጠራበት ድምፅ ነው። እዚያ «ሚስ» ከመጀመሪያ ስም ጋር፣ «ሚስተር» ከመጀመሪያ ስም ጋር ይባላል፤ ለጥያቄ መልሱ «የስ ማም»፣ «ኖ ሰር» ነው። እኛ እትዬና ጋሼን፣ አንቱታን የምናውቅ ሰዎች ይህን ለመረዳት አንቸገርም። ከሰሜን የመጡት ተማሪዎች ግን በየሳምንቱ እንደ አዲስ መማር ነበረባቸው።

በተቃራኒው የሚያጠፉም አሉ፦ ሁለት ቀን ሳይቆዩ የሰፈሩን አነጋገር ሊያስመስሉ የሚሞክሩ። ይህ ከባዶ ስምም ይብሳል።

ወረቀቱ

ቤት ከማጽዳት በፊት ፊርማ ያስፈልጋል። አንድ ገጽ ይበቃል፣ ከአንድ ገጽ ከበለጠ ጥርጣሬ ያመጣል። የሚጻፈው ይህ ነው፦ አድራሻው፤ የባለቤቱ ስምና የሚገኝበት ስልክ፤ ምን ይነቀላል (ሞኬት፣ ጂፕሰም ቦርድ፣ ኮርኒስ፣ የወጥ ቤት ቁም ሣጥን፣ እያንዳንዱ ለየብቻ ምልክት የሚደረግበት)፤ ምን አይነካም፤ የሚፈለጉ ዕቃዎች ዝርዝርና የነበሩበት ክፍል፤ ቁልፉ ማን ጋ እንደሚያድር። በትልቅ ፊደል ደግሞ «ይህ ሥራ በነጻ ነው፤ በቤቱ ላይ ምንም የዕዳ መያዣ አይመዘገብም» የሚል መስመር ይገባበታል። ያ መስመር ለጌጥ አይደለም፤ ቀብድ ተቀብሎ የሚሰወር ኮንትራክተር ከተማዋን ሞልቷት ነበር። ሁለት ቅጂ ይፈረማል፤ አንዱ ባለቤቱ እጅ ይቀራል፣ እዚያው፣ በዚያው ሰዓት። «በኋላ እንልክልዎታለን» የተባለ ቅጂ አይደርስም።

ፈራሚው ማነው የሚለው ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ናይንዝ ዋርድ ውስጥ ብዙ ቤት ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የተላለፈው ያለ ኑዛዜና ያለ ፍርድ ቤት ነው። የቤቱ ባለቤትነት ካርታ ላይ ያለው ስም ከ30 ዓመት በፊት የሞተ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ወራሾቹ ስድስት ናቸው፣ አንዷ ካሊፎርኒያ። በጎ ፈቃደኛ እዚህ ዳኛ መሆን የለበትም። ቤቱ ውስጥ ይኖር የነበረው ይፈርማል፣ ሌሎቹ ወራሾች በስልክ እንዲሰሙ ይደረጋል፣ የሰሙት ስምና ቀን ወረቀቱ ጀርባ ላይ ይጻፋል፤ የውርሱን ጉዳይ ግን ነጻ የሕግ ድጋፍ ለሚሰጡ ጠበቆች ማሻገር ነው። ቶሎ ማሻገር፤ ካርታው በስሙ ያልሆነ ሰው የመንግሥትን የጥገና ድጎማ ለማግኘት በጣም ተቸግሯልና።

ቁልፉ የሚቀመጠው በስም በተመዘገበ አንድ ሰው እጅ ነው፤ ምትኩም በስም ይታወቃል። «ቢሮ አለ» የሚባል መልስ የለም።

ነቀላው

አሥር ሰው ያለው ቡድን መካከለኛ ፎቅ የሌለው ቤት በሁለት ሦስት ቀን አጽድቶ እስከ አጽሙ ያደርሰዋል። ለእያንዳንዱ ሰው፦ ቢያንስ ኤን 95 ማስክ (ሻጋታ ለበዛበት ቤት ፒ 100 ማጣሪያ ያለው ግማሽ ፊት ማስክ ይሻላል)፣ መነጽር፣ ሙሉ ቱታ፣ ወፍራም ጓንት፣ ሚስማር የማይበሳው ሶል ያለው ቦት ጫማ። የቴታነስ ክትባት ከ10 ዓመት ያልበለጠ መሆን አለበት። ለቡድኑ፦ አራት ጠፍጣፋ ሚስማር መንቀያ፣ ሦስት መዶሻ፣ አንድ መርግ መዶሻ፣ አራት ጠፍጣፋ አካፋ፣ ሁለት የእጅ ጋሪ፣ መጥረጊያ፣ ወፍራም ከረጢት። በበጋ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ ቱታ ውስጥ ያለ ሰው በየ20 ደቂቃው ወጥቶ ውኃ ካልጠጣ ይወድቃል። የወደቀ በጎ ፈቃደኛ የሚያስታምመው ባለቤቱ ነው፣ ይህም ነውር ነው።

በሩ ላይ በቀለም የተረጨ ትልቅ የኤክስ ምልክት ይኖራል። ነፍስ አድን ቡድኖች የጻፉት ነው፦ በግራ የቡድኑ መለያ፣ በላይ ቀኑ፣ በቀኝ ውስጥ ያለው አደጋ፣ በታች የተገኘው ሰው ቁጥር። አትፋቁት። ባለቤቱ ሊያስቀረው ይፈልግ ይሆናል፤ ብዙዎች ለዓመታት አስቀርተውታል። ከታች ያለው ቁጥር ዜሮ ካልሆነ ደግሞ ድምፅ ቀንሶ መግባት ነው።

ጋዝና መብራት ከቆጣሪው መዘጋታቸው ይረጋገጣል፣ መስኮት ይከፈታል፣ ወለሉ በእርምጃ ይፈተሻል። ከዚያ ለቀማ። የመጀመሪያው ግማሽ ቀን ለለቀማ ብቻ ነው፤ አካፋ አይነሳም። ቡድኖች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት እዚህ ነው፤ ወጣቶቹ ጉልበታቸውን ሊያሳዩ ይቸኩላሉ፣ ጭቃ የለበሰ ነገር ሁሉ ቆሻሻ ይመስላቸዋል። ጭቃ ውስጥ ያለው ግን የቤተሰብ ልደትና ሞት የተጻፈበት መጽሐፍ ቅዱስ ነው፣ የጦር ሠራዊት መሰናበቻ ወረቀት ነው፣ ትራምፔት ነው። ማርዲ ግራ ኢንዲያን የሚባሉት የጥቁር ሰፈር ሰዎች ዓመቱን ሙሉ በእጃቸው ዶቃ በዶቃ የሚሰፉት የበዓል ልብስም እዚያ ይገኛል፤ ለማያውቀው እርጥብ ላባና ጨርቅ ነው። ባለቤቱ ካለ ወንበር ተሰጥቶት መውጫው ላይ ይቀመጣል፣ እያንዳንዱ ነገር ፊቱ ያልፋል። «ይጣል» የሚለው እሱ ነው፣ የሚጥለው እኛ ነን። ከሌለ ሦስት ሣጥን፦ የሚቀር፣ የሚጠየቅ፣ የሚጣል። የሚጠየቀው ሣጥን እስኪደወል አይንቀሳቀስም።

የረጠበ ፎቶ የተጣበቀውን አትላጡት። በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ አለቅልቆ፣ ምስሉን ወደ ላይ አድርጎ ጥላ ውስጥ ማድረቅ ነው። በሁለት ቀን ውስጥ መሥራት ካልተቻለ በፌስታል ተጠቅልሎ በረዶ ቤት ይግባ፤ ጊዜ ይገዛል። አንድ የሠርግ ፎቶ ያዳነ ቡድን በዚያ መንገድ ላይ ያሉት በሮች ሁሉ ይከፈቱለታል፤ በአካፋ የጣለውም ወሬው በዚያው ፍጥነት ይደርሳል።

ነቀላው ሲጀመር ከባዱ ዕቃ ይወጣል፣ ሞኬቱ በ1 ሜትር ስፋት ተቆርጦ ይጠቀለላል፣ ኮርኒሱ ይወርዳል፣ ከዚያ ግድግዳው። አሮጌዎቹ ቤቶች ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ግድግዳቸው አንዳንዴ በወንዙ ይወርዱ ከነበሩ ጀልባዎች ከተፈታ ወፍራም ሳንቃ የተሠራ ነው፤ በሩና ክፈፉ ከጥንት ጥቅጥቅ የሳይፕረስ እንጨት ነው። ይህ እንጨት ውኃ ጠጥቶ ይደርቃል እንጂ በቀላሉ አይበሰብስም፤ ዛሬ ልግዛ ቢሉትም በቀላሉ አይገኝም። ስንትና ስንት ቤት ይህን እንጨት በደግ ልብ አውጥቶ የጣለ ቡድን ገጥሞታል! ደንቡ፦ ጂፕሰም ቦርድ ይነቀላል፣ ደህና እንጨት ግን ባለቤቱ ወይም የሰፈር አናጢ ሳያይ አይነካም። ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት ቀለሙ እርሳስ (ሊድ) እንዳለበት ይቆጠራል፣ አይፋቅም፤ አስቤስቶስ የሚጠረጠር የወለል ንጣፍ ወይም የውጭ ግድግዳ ካለ አይሰበርም፣ ባለሙያ ይጠራል።

ሚስማሮቹ አንድ በአንድ ይነቀላሉ። አሰልቺ ነው፣ ብዙ ቡድን ይዘለዋል፤ ከዚያ የባለቤቱ ልጅ አዲሱን ቦርድ ሊመታ ሲመጣ ሁለት ቀን ሚስማር ሲነቅል ይውላል። ስማችሁ የሚነሳው ያኔ ነው። በመጨረሻ ቋሚዎቹ በብሩሽ ይፈተጋሉ፣ ይጠረጋል፣ አየር ያገኛል። በረኪና የሚጠቀም 240 ሚሊ ሊትር ለ4 ሊትር ውኃ ያህል ይበቃዋል፤ ከአሞኒያ ጋር በፍጹም አይቀላቀልም፣ መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። እንጨቱ በእርጥበት መለኪያ 15 በመቶ ገደማ ሳይወርድ ግድግዳው ቢዘጋ ሻጋታው ከኋላ ይመለሳል። ይህ ሳምንታት ይፈጃል። «በወር ውስጥ ይገባሉ» ብሎ ቃል የገባ ሰው የእንጨቱን ጠባይ አያውቅም።

ክምሩ መንገድ ዳር፣ የግል ግቢው ውጭ ይደረጋል፤ የሚያነሱት ኮንትራክተሮች ግቢ አይገቡም። ይለያያል፦ የቤት ዕቃ፣ ፍሪጅና ማጠቢያ፣ የግንባታ ፍርስራሽ፣ ቀለምና ኬሚካል። የመብራት ምሰሶና የውኃ ቆጣሪ አጠገብ ከሆነ ሳይነሳ ይቀራል። የጎረቤት ፊት ለፊት ከሆነ ደግሞ ጠብ ነው፤ ጎረቤቱ ሂዩስተን ቢሆንም ወሬው ይደርሰዋል።

ካሜራና ፖሊስ

ስለ ካሜራ አጭር ነው። የባለቤቱ ፈቃድ ሳይጠየቅ ቤት ውስጥ አይነሳም። ፈራርሶ የሚታየው የሰው መኝታ ቤት ነው። በዚያ ሰሞን በአውቶቡስ እየዞሩ ፎቶ የሚያነሱ ጎብኚዎች ነበሩ፤ በጎ ፈቃደኛ ከነሱ ጋር እንዳይቆጠር ካሜራውን መኪና ውስጥ ይተው።

የፖሊሱ ግን ይከብዳል። ነጭ ወጣት መሣሪያ ሲሰረቅበት ወይም ጠብ ሲያይ ፖሊስ መጥራት ይቀናዋል፤ ሲያድግ ፖሊስ ይመጣል፣ ይጽፋል፣ ይሄዳል። ዳንዚገር ድልድይን የሰማ ሰፈር ውስጥ ጥሪው የማንን ልጅ እንደሚያስይዝ አይታወቅም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ይነገራል፦ የሰው ሕይወት ካላሰጋ በቀር የሰፈሩ ሰው ሳይማከር አይደወልም። የተሰረቀ መሰርሰሪያ በሌላ ይተካል።

ስብሰባ

በጎ ፈቃደኞቹ ብዙዎቹ ከግራ ዘመም እንቅስቃሴ የመጡ ነበሩ፣ ስብሰባ ይወዳሉ። ሁሉም ካልተስማማ አይወሰንም፣ ጣት በማወዛወዝ ድጋፍ ይገለጻል፣ እስከ እኩለ ሌሊት ይቆያል። በማግስቱ 11 ሰዓት ንጋት ላይ ሥራ የሚገባው ነዋሪ ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን ከስብሰባው ተነስቶ ይሄዳል፤ ውሳኔው እሱ ከሄደ በኋላ ይተላለፋል። ማንም ክፋት አላሰበም፤ ሰዓቱ ብቻ ዘር ለየ። የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ነዋሪዎች የሚመሩት ስብሰባ፣ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ፣ 90 ደቂቃ፣ ምግብና ልጅ የሚጠብቅ ሰው ያለበት፤ ውሳኔ የሚተላለፈው በመጀመሪያዎቹ 45 ደቂቃዎች፤ ቃለ ጉባኤው በማግስቱ በር ላይ የሚለጠፍ፣ የገባና የወጣ ገንዘብም አብሮ። ስለ ምግብ ካነሳን፣ ሰኞ በቀይ ቦሎቄና በቋሊማ በምታድር ከተማ ከሥጋ ነጻ ምስር በየቀኑ ማቅረብ ራሱ መልእክት ነው። ሲጋብዟችሁ ደግሞ ብሉ።

ዘረኝነትን በተመለከተ የራሷ የኒው ኦርሊንስ ድርጅት የሆነው ፒፕልስ ኢንስቲትዩት ለነጭ በጎ ፈቃደኞች ስልጠና ይሰጥ ነበር። ዋናው ጥቅሙ ለኔ ይህ ነው፦ ወጣቱ ሲወቀስ የሚሰማውን ድንጋጤና እንባ የሚያራግፍበት ቦታ ያገኛል፣ ማታ፣ ከጓደኞቹ ጋር። አለዚያ የሚያራግፈው ቤቷ በፈረሰባት ሴት ላይ ነው፤ እሷም ታጽናናዋለች። ስሕተት ሲሠራ ይቅርታ የሚጠይቀው ያጠፋው ራሱ ነው፣ በእግሩ ሄዶ፣ ጥፋቱን በስሙ ጠርቶ። «ሳላስብ ነው» የሚለው ቃል አይጨመርም።

ለአንድ ሳምንት የመጣ ተማሪ ለራሱ ብዙ ያተርፋል፤ ሰፈሩ ግን በየሰኞው አዲስ ፊት ያያል፣ ታሪኩን በየሰኞው እንደ አዲስ ይናገራል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መንገድ ቢያንስ ሦስት ወር የሚቆይ አንድ ሰው ይመደባል፤ ከነዋሪው ጋር የሚነጋገረው እሱ ነው፣ ሳምንታዊዎቹ ከሱ ኋላ ይሠራሉ። ግን አንድ ሰው ላይ ሁሉን መጫንም አደጋ አለው። ከኮመን ግራውንድ ቀደምት መሪዎች አንዱ፣ ነጭ፣ በጀግንነቱ የተወራለት፣ የኤፍቢአይ መረጃ አቀባይ ሆኖ እንደሠራ በ2008 መጨረሻ ራሱ ይፋ አደረገ። በዚያ ሰው በኩል ብቻ የታመኑት ሁሉ ምን ያህል እንደደነገጡ መገመት ይቻላል።

ነቀላው ሲያልቅ

ቤቱ ጸዳ ማለት ሰው ተመለሰ ማለት አይደለም። ሮድ ሆም የተባለው የሉዊዚያና የመልሶ ግንባታ ድጎማ እስከ 150,000 ዶላር ይሰጥ ነበር፤ ስሌቱ ግን ከጎርፉ በፊት የነበረውን የቤቱን ዋጋ ወይም የጥገናውን ወጪ፣ ከሁለቱ ያነሰውን ይወስዳል። ሁለት እኩል ቤቶች እናስብ፣ ሁለቱም ለጥገና 140,000 ይፈልጋሉ። የነጭ ሰፈሩ ቤት ዋጋው 180,000 ነው፤ ስሌቱ 140,000 ላይ ይቆማል። የጥቁር ሰፈሩ ቤት፣ ሰፈሩ ጥቁር ስለሆነ ብቻ ገበያው 80,000 ሰጥቶታል፤ ስሌቱ 80,000 ላይ ይቆማል። ከሁለቱም የኢንሹራንስ ክፍያ ይቀነሳል። 60,000ው ጉድለት ከየት ይመጣል? በ2008 ክስ ተመሠረተ፣ በ2011 በ62 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ፤ ለብዙዎች ዘግይቷል። ቅጽ መሙላት፣ ደረሰኝ ማደራጀት፣ ቀጠሮ ላይ አብሮ መቀመጥ የሚችል በጎ ፈቃደኛ ከመዶሻ ያዡ እኩል ያስፈልግ ነበር፤ የመጡት ግን ጥቂት ናቸው። ወረቀት ፎቶ ላይ አያምርም።

መተማመን በነጭና በጥቁር መካከል ብቻ የሚታይ ነገር እንዳይመስል አንድ ልጨምር። በምሥራቅ ኒው ኦርሊንስ ቬርሳይ በሚባለው ሰፈር በሜሪ ኩዊን ኦቭ ቬትናም ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያሉ ቬትናማውያን ቀድመው ከተመለሱት ነበሩ። በ2006 ከንቲባው በአስቸኳይ ሥልጣኑ አጠገባቸው ሼፍ ማንቱር ላይ የፍርስራሽ መጣያ ሲያስከፍት ጥቁር ጎረቤቶቻቸው አብረዋቸው ተቃወሙ። ለዓመታት በአንድ መንገድ ኖረው እምብዛም የማይነጋገሩ ሰዎች ናቸው። ጉዳዩ ዝምድና አልጠየቀም፤ ሽታው የሁለቱም ነው። መጣያው ኦገስት 2006 ተዘጋ።

ቡድን ሲወጣ ሦስት ነገር ይተዋል። መሣሪያዎቹን፣ ከነውሰት ደብተሩ፦ ማን፣ ምን፣ መቼ ወሰደ፣ መቼ መለሰ፤ ደብተሩን የሚይዘው የመንገዱ ሰው ነው። ያላለቁ ቤቶችን ዝርዝር፣ በእያንዳንዱ ምን እንደቀረ፣ ማን ቃል እንደገባ፤ ያልተፈጸመውም ሳይደበቅ። ቁልፎቹን፣ አንድ በአንድ ለባለቤታቸው፣ የተመለሰበት ቀን በዚያ አንድ ገጽ ወረቀት በሁለቱም ቅጂ ላይ ተጽፎ። ባለቤቱ ሂዩስተን ከሆነ ቁልፉ በአደራ ፖስታ ይላካል፤ ከመላኩ በፊት ይደወላል፣ ሲደርስም ይደወላል።